ፕላስቲክም ያረጃል

ውኃ የሚቀዳበትን ቢጫ ጀሪካን አንሡና ገልብጡት። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ነፋስ መውጫ ይሁን ወገዳ፣ አርብ ገበያ ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ ጀሪካን የማይገኝበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። መቀመጫው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀጭን ጠባሳ ታያላችሁ። ጠባሳው በሁለቱም ጎን ሽቅብ ይወጣና አፉ አካባቢ ይገናኛል። ትኩስ ፕላስቲክ በቱቦ መልክ ወርዶ፣ ሁለት ግማሽ ሞልዶች ከግራና ከቀኝ ገጥመውበት፣ በአየር ሲነፋ የቀረ ምልክት ነው። ከጠባሳው አጠገብ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ተጽፎ ይሆናል፤ ዕቃው ሃይ ዴንሲቲ ፖሊኢትሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት መሠራቱን ያመለክታል። ይህ የሦስት ማዕዘን ምልክት አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ስለሆነ፣ ምልክቱ ያለበት ዕቃ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት ትንሽ ክብ አለ። መሀሉ ላይ ያለው ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ዓመቱን፣ ቀስቷ ወሩን ትናገራለች። 3H1 የሚል ጽሕፈት ካገኛችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ለኬሚካልና ለመሳሰለው አደገኛ ጭነት የተፈቀደ ጀሪካን የሚለይበት ዓለም አቀፍ ምልክት ነው፤ ለመጠጥ ባይውል ይሻላል።

ሰው ከዚህ ዕቃ ጋር ዕድሜውን ኖሮ ሥሩን ገልብጦ አያይም። አይፈረድበትም፤ ጀሪካን የተሠራው ሊቀዳበት እንጂ ሊነበብ አይደለም። ይህ ምዕራፍ ግን ማንበብ ለሚፈልግ፣ ከዚያም አልፎ አሮጌ ፕላስቲክ ለመሰብሰብ ለሚያስብ ሰው ነው።

“አሮጌ ፕላስቲክ ደግሞ ምን ይሰበሰባል? እሱ እንደሆነ አይጠፋ፣ አይበሰብስ” የሚል አይጠፋም። መሬት ውስጥ ለተቀበረ ፌስታል አባባሉ ልክ ነው። ለዕቃ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እንስራ ቢሰበር ገሉ ሺህ ዓመት ይቆያል፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የጥንቱን ዘመን የሚከፋፍሉት በሸክላ ስብርባሪ አይደል? ጀሪካን በአንጻሩ ጥቂት ዓመት ያገለግልና ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ለቆራሌ ይሸጣል፣ ተፈጭቶና ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ቁሱ ይኖራል፤ ዕቃው ግን ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ ሸክላውን፣ ቅሉን፣ ቀንዱንና ስፌቱን በጊዜ ሰብስቦ አኑሮልናል። እነዚያን ዕቃዎች ከጓዳ ያስወጣቸው ፕላስቲክ ግን የእሱን ሰብሳቢ ገና አላገኘም። ከእንስራ ወደ ጀሪካን መሻገር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሴቶች ሕይወት ውስጥ ከብዙ አዋጅ የበለጠ ለውጥ ያመጣ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ለውጥ ምስክር የሚሆነው ዕቃ ደግሞ በየቀኑ በኪሎ እየተመዘነ ይሄዳል።

ጀሪካን መጀመሪያ የጦር ዕቃ ነበር። የጀርመን ጦር ነዳጅ የሚያጓጉዝበት ጠንካራ ዕቃ ስለፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሽዌልም ከተማ በሚገኘው የሙለር ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቪንዘንዝ ግሩንፎገል 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠራ። አናቱ ላይ ጎን ለጎን ሦስት እጀታ አደረገለት፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ አንዱን ሙሉ ያነሣዋል፣ አንድ ሰው ደግሞ ባዶዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በአንድ እጁ ይይዛቸዋል። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የተዋጉት እንግሊዞች የራሳቸው ቆርቆሮ እያፈሰሰ ሲያስቸግራቸው የጠላታቸውን ዕቃ ማርከው ተጠቀሙበት፣ ቆይተውም ቀዱት። ወደ ፕላስቲክ ለመለወጥ የኬሚስቶችን ሥራ መጠበቅ ነበረበት። ጀርመናዊው ካርል ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1953 ጠንካራውን ፖሊኢትሊን ያለ ከፍተኛ ግፊት የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ጣሊያናዊው ጁልዮ ናታ ፖሊፕሮፒሊንን አስከተለ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ እስቴ ውስጥ ያለው ጀሪካንና ሳፋ፣ የማዳበሪያ ከረጢቱና ወንበሩ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ልጆች ናቸው።

ከጀሪካን በፊት እንስራ ነበር፤ በመሀል ደግሞ ላምባ ያመላለሰው የቆርቆሮ ታኒካ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ይህ በምንም አይቀንስም። እንስራው ግን ራሱ ሌላ ሸክም ነው። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚመዝነው አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ወደ አባይና ወደ በሽሎ በሚወርዱት ገደላማ አገሮች፣ ምንጩ ከታች፣ ቤቱ ከላይ በሆነበት፣ የዚህ ልዩነት ትርጉም ለተሸካሚዋ ወገብ ግልጽ ነው። ጀሪካን ደግሞ ቢወድቅ አይሰበርም፤ እንስራ የሰበረች ልጅ ቤት ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት የሚያውቅ ያውቀዋል። አፉ ጠባብ በመሆኑም እጅና ጣሳ አይገባበትም፤ ውኃው ከተቀዳ በኋላ እንዳይበከል ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ እንደሚሻል የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ሆዱ ዝቃጭ ሲይዝ ጠጠርና ውኃ ጨምሮ መናጥ ነው፤ ያ ብልሃት ከየትኛውም ፋብሪካ አልመጣም። የእንስራን ውበት እያነሡ የሚያዝኑ ጽሑፎችን ሳነብ፣ ጸሐፊው እንስራ አዝሎ ዳገት ወጥቶ ያውቅ ይሆን እላለሁ።

እንዲህም ሆኖ የጠፋ ነገር አለ። ሸክላ በቀዳዳዎቹ ውኃ ያልባል፤ ላቡ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ጀሪካን አያልብም፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውኃው ለብ ይላል። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጭሱ ሸክላው ውስጥ ገብቶ ለጠላው መዓዛ ይሰጣል። ፖሊኢትሊን በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ነገር ስለሆነ ፍም አይቀርበውም፤ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል የተጠመቀ ጠላ ጣዕሙ ሌላ መሆኑን ጠጪው አስቀድሞ ያውቃል። ጭስ የማይቀበለው ፕላስቲክ ላምባን ግን ይጠጣል። ሁለቱም የነዳጅ ዘር ናቸውና ላምባው በግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ላምባ የያዘ ጀሪካን በአመድ ቢታሽ፣ በኦሞ ቢታጠብ ሽታው የማይለቀው ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ የጎዳው ሸክላ ሠሪዋን ነው። በእጇ ሥራ ስትናቅና “ቡዳ” ስትባል የኖረች ሴት የቀራት ገበያ ነበር፤ እሱም ጠበበባት። ምጣዱና ጀበናው ባይኖሩ ኖሮ ጨርሶ ይዘጋባት ነበር።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ። አውሮፓ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ መሰብሰብ ገንዘብም ሙዚየምም ያለው ነገር ነው። ሚላን ውስጥ ጁልዮ ካስቴሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቋቋመው ካርቴል የተባለ ድርጅት ባልዲና ሳፋን እንደ ቁም ነገር ወስዶ በባለሙያ አስነደፈ፤ ጂኖ ኮሎምቢኒ የነደፈው ባለ ክዳን ባልዲ እ.ኤ.አ. በ1955 የጣሊያንን ትልቁን የንድፍ ሽልማት፣ ኮምፓሶ ዶሮን፣ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የወንበር ዓመታት ናቸው፤ የጆ ኮሎምቦ ወንበር፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ የበቃው የዴንማርኩ የቬርነር ፓንተን ወንበር፣ የሌሎችም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ያ ፈንጠዝያ ቀዘቀዘ፣ ፕላስቲክም የርካሽ ዕቃ ስም አወጣ። ፊሊፕ ደሴል የተባለ ቤልጅጋዊ መሰብሰብ የጀመረው ሰው ፕላስቲክ በሚጥለው ጊዜ ነው። ስብስቡ ፕላስቲካሪየም የሚባለው ሆነ፤ አቶሚየም ገዛውና እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ብራስልስ ውስጥ ሙዚየም ተከፈተለት። እነዚህ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያልተጫረ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ የፋብሪካው ማኅተም የሚነበብ ዕቃ ነው። ሰው ባልተቀመጠበት መጠን ዋጋው ይጨምራል።

ይህን መመዘኛ ጋይንት ይዞ መሄድ ሞኝነት ነው። ያልተነካ ጀሪካን ሱቅ ውስጥ ሞልቷል፤ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን የተነካው ነው። ቦኖ ላይ ወረፋ የያዙ ጀሪካኖችን ተመልከቱ፤ ፋብሪካው አንድ ዓይነት አድርጎ የሠራቸውን ሰው አንድ በአንድ ለይቷቸዋል። አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ሌላው በጋለ ብረት መስቀል ተተኩሶበታል፤ የሌላው ክዳን ጠፍቶ የበቆሎ ቆረቆንዳ በፌስታል ተጠቅልሎ ተወትፎበታል። ጎኑ ላይ ገመድ ዘወትር የሚያልፍበት ቦታ ተፍቆ ለስልሷል። የተሰነጠቀው ደግሞ ተጥፏል፤ ብረት እሳት ውስጥ ይግልና ከሌላ ጀሪካን የተቆረጠ ቁራጭ ስንጥቁ ላይ ይቀልጣል፣ በብረቱ ጫፍ ይዳመጣል። መጣፊያው ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። መጠኑም ቤተሰቡን ያሳያል፤ ባለ 20 እና ባለ 25 ሊትሩ የእናትየው ወይም የአህያዋ፣ ባለ 5 ሊትሩ የታላቅየዋ፣ የ3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ደግሞ ገና መሸከም ለምትለምደው ልጅ ነው። አብዛኛው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ይዞ የመጣ ነውና፣ ልጣፉ ያልተፋቀ ካገኛችሁ አትፋቁት።

አንድ ሰብሳቢ ደጃፍ ላይ ቆሞ “እማማ፣ ይቺን የተጣፈችውን ይስጡኝና አዲስ ልግዛልዎት” ቢል፣ “አዲሱን አምጣና ውሰዳት፤ ግን ለምንህ ነው ልጄ?” መባሉ አይቀርም። ለጥያቄው ጥሩ መልስ ይዞ መሄድ አለበት። መቼ ተገዛ፣ ከየት ገበያ፣ በፊት ምን ይዞ ነበር፣ ማን ጣፈው፣ የሚለውን ያኔ ጠይቆ ካልጻፈ የያዘው ዕቃ ቆሻሻ ነው።

ከጀሪካን ሥነ ጥበብ የሠሩ አፍሪካውያን አሉ። የቤኒኑ ሮሙአልድ ሃዙሜ ከቤንዚን ጀሪካኖች ፊት ሠርቷል፤ “ላ ቡሽ ዱ ሩዋ” የተባለው ሥራው 304 የጀሪካን ጭምብሎችን እንደ ባሪያ መርከብ ደርድሮ የያዘ ነው፤ የብሪታንያ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2007 ገዝቶታል። ከእኛ ኤልያስ ስሜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ የሚሰበስበውን አሮጌ ሽቦ፣ የኮምፒዩተር ቁልፍና ሰርኪት እየጠለፈ ግዙፍ ሥዕል ያደርገዋል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። ሠዓሊ ግን ዕቃውን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። እኔ የምለው ሰብሳቢ ጀሪካኑን ጀሪካን አድርጎ የሚያስቀምጥ ነው፤ ያ ትንሽ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሠሪውም የጠፋው ለዚህ ይመስለኛል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ማዳበሪያ ነው፤ ከረጢቱን ማለቴ ነው። ከፖሊፕሮፒሊን የተሸመነ ነው፣ ይታጠፋል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ላዩ ደግሞ ጽሑፍ ነው። ኤን ፒ ኤስ የሚል የተጻፈበት ከረጢት ከ2006 እና 2007 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው፤ መንግሥት ከዳፕ ወደ ኤን ፒ ኤስ የዞረው ያኔ ነውና። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ስለሆኑ፣ የአሜሪካ እርዳታ ምልክት የታተመበት የስንዴ ከረጢት ከነዘይት ቆርቆሮው የዚያ አገር የችግር ዘመን ሰነድ ነው። ከረጢቱ ስንዴውን ካራገፈ በኋላ የሚኖረው ሕይወት ይረዝማል፤ መኝታ ላይ ይነጠፋል፣ ግድግዳ ይለብሳል፣ ክሩ ተመዞ ሰፌድ ይሰፋበታል። በአክርማና በስንደዶ ፋንታ በማዳበሪያ ክር የተሰፋ ሰፌድ ካገኛችሁ ሳትደራደሩ ግዙት። የጥንቱ እጅና የአዲሱ ቁስ እንዲህ የተገናኙበት ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ወንበሩን በአጭሩ። ነጩና ሰማያዊው የፕላስቲክ ወንበር፣ ከእግር እስከ መደገፊያ አንድ ወጥ የሆነው፣ ዘሩ ከብዙ አገር ይመዘዛል፤ ፈረንሳዊው አንሪ ማሶኔ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ግን ማሽኑ አንዱን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስለሚያወጣው ለዛሬው ርካሽ ወንበር መንገድ ከፍቷል። መቀመጫውን ከሥር ብታዩ ቀልጦ የገባበት ነጥብ እንደ እምብርት ቀርቶ ይገኛል። እኛ ዘንድ የወንበሩ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ግለሰብ አይደለም፤ ዕድር ነው። ከሥሩ በቀለም የዕድሩ ስም ወይም ቁጥር ይጻፍበታል። በመደብና በዱካ ላይ ታላቅና ታናሽ ከፍና ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበትን ልቅሶ ቤት፣ ወንበሩ ሁሉንም በአንድ ቁመት አስቀመጠው። የዕድር ጽሕፈት ያለበትን ወንበር ለመግዛት ግን ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ከአንድ አባል እጅ መቀበል ጣጣ ያመጣል።

መብራቱ በየጊዜው ተቀያይሯል። ከመድኃኒት ጠርሙስና ከቆርቆሮ የተሠራው ኩራዝ፣ ቀጥሎ በድንጋይ የሚሠራው የእጅ ባትሪ፣ ከዚያ የቻይናው ኤል ኢ ዲ፣ አሁን ሶላሩ። ከኩራዝ በቀር አብዛኞቹ ፕላስቲክ ለባሽ ናቸው፣ ቶሎም ይሞታሉ። ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚያደርገው የባትሪ ድንጋዩን ማውጣት ነው፤ ያለዚያ ይፈስና ሽቦውን ይበላዋል። በጣም የቆየ ራዲዮ ወይም የስልክ እጀታ ካጋጠመው ደግሞ ቤክላይት ይሆናል፤ ቤልጅግ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠረው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ፖሊኢትሊን እንደ ቅቤ ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል፣ ደግሞ ይቀልጣል፤ ቤክላይት ግን እንደ ቂጣ ነው፣ አንዴ ከተጋገረ ወደ ሊጥ አይመለስም። በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ስታሹት የመድኃኒት ዓይነት ሽታ ከሰጠ እሱ ነው።

የፕላስቲክ ጠላቱ ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፣ ኦክስጅን በተበጠሰው ቦታ ይገባል፣ ገጹ አመድማ ይሆናል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋስ መውጫ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ደጋው ላይ ደጅ የዋለ ጀሪካን ባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ ለማርጀት በግልጽ ይቸኩላል። ቆላው ደግሞ በሙቀቱ ያፋጥነዋል። ጥቁር የሆነው ከሌላው ይቆያል፤ የጠቆረበት ካርቦን ጨረሩን ስለሚውጥለት ነው። የተሻለ ሆኖ የቆየ አሮጌ ዕቃ የሚገኘው ጨለማ ጓዳ ውስጥ፣ ቆጥ ሥር፣ ጥላሸት ለብሶ ነው። አታጥቡት። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከብርሃን አርቁት፤ ለስላሳው ፒ ቪ ሲ ደግሞ ዘይት እያወጣ አጠገቡ ያለውን ስለሚያጣብቅ ለብቻው ይቀመጥ።

ከፀሐይ ሌላ የሚቀድማችሁ ቆራሌ ነው። ከተማ ውስጥ ሳፋውና ጆጉ በልዋጭ ይገባል፣ በቆራሌ ይወጣል። ቆራሌው በኪሎ ይገዛል፤ የተጣፈውም ያልተጣፈውም ለእሱ አንድ ሚዛን ነው። ከእሱ ጋር መጣላት አያዋጣም፤ ይልቅ ወዳጅ ማድረግ ይሻላል። በአንድ ቀን የሚያየውን አሮጌ ዕቃ እናንተ በዓመት አታዩትምና፣ መጣፊያ ያለበትን፣ ጽሑፍ ያለበትን፣ ክር የታሰረበትን ለይቶ እንዲያቆይላችሁ ከኪሎው ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ተስማሙ። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ለምኑት፦ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ደጅ እንደገዛው እንዳይረሳ። ከተቻለም ያው ዕለት አብራችሁት ተመለሱና ባለቤቲቱን ጠይቁ።